ለግቢ ዶሮ ቀለብ የሚሆን ፌንጣን በቤት ስለ ማርባት

ለአስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ግቢዎች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ዶሮ በገጠር ሜዳ ስትለቀቅ የቀለቧን አንዱን ክፍል ከባለቤቷ እጅ፣ ሌላውን ክፍል ከመሬት ታገኛለች። ባለቤቷ የሚበትንላት እህል ጉልበት ይሰጣታል፤ ነገር ግን ሥጋዋንና እንቁላሏን ለሚገነባው ፕሮቲን ለተባለው ንጥረ ነገር እህል ብቻውን አይበቃም። የጎደለውን እርስዋ ራስዋ በጥፍሯ እየጫረች ምስጡን፣ ትሉንና ፌንጣውን ለቅማ ትሞላዋለች። ስለዚህ የገጠር ሰው ዶሮው ከምን እንደምትገነባ ሳይጨነቅ እንቁላሏን ያገኛል።

በከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐረር ከተማ ከሐረር በር ገብቶ ዋናውን መንገድ የተከተለ ሰው ፈረስ መጋላ ከተባለው አደባባይ ይደርሳል። ስሙ እንደሚያስረዳው ቦታው ቀድሞ የፈረስ ገበያ ነበረ። ከዚያም የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር በኩል ወደ ግድር መጋላ ይዘለቃል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት በጀጎል ግንብ ውስጥ ሲሆን፣ በግንቡ የተከበበው ስፍራ ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ቤቱ ከቤት፣ ግቢው ከግቢ ተያይዞ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በዚያ ለምትኖር ዶሮ የሚተርፋት መሬት ጥቂት ነው፤ ያውም የተደለደለ ወይም ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። በእንደዚህ ያለ ግቢ የተዘጋች ዶሮ ቀኑን ሙሉ ብትጭር ትል አታገኝም።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ሜዳ ላጣች ዶሮ የሜዳውን ፌንጣ በሣጥን አርብቶ ማቅረብ ይቻላል። ሆኖም ስለ ፌንጣ ርቢ በየስፍራው ከልክ ያለፈ ተስፋ ስለሚነገር፣ ሹማምንት ሕዝቡን ወደዚህ ሥራ ከመጥራታቸው በፊት ትርፉን ከነወሰኑ ማወቅ ይገባቸዋል። ልኩን ሳያውቅ የተዠመረ ሥራ ባለቤቱን አክስሮ ሹሙንም ከሕዝብ ዘንድ ያሳፍራል።

1ኛ፤ ነገሩ ለምን አስፈለገ

በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የሕፃኑ ገበታ በእህል ብቻ የተሞላ መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚይዝ፣ በየቤቱ በቀላሉ ሊገኝ የሚችለው የሕፃን መድኃኒት እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ የአገራችን ዶሮ ያለ ልዩ እንክብካቤ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ከተፈለፈሉትም ጫጩቶች ብዙዎቹ በመዠመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። ብርድ፣ በሽታና አውሬ ይገድሏቸዋል፤ ከእነዚህ ያመለጠውን ደግሞ የቀለብ ጉድለት ያቀጭጨዋል። ጫጩት በዚያ ወራት ከሚበላው ከአምስት አንዱ እጅ ያህል ፕሮቲን መሆን አለበት። በፈረስ መጋላ አጠገብ የምትኖር አንዲት እመቤት ዐሥር ጫጩት ብታስፈለፍልና ቀለባቸው የገበታ ፍርፋሪና የማሽላ ቅንጣት ብቻ ቢሆን፣ ሆዳቸው ይሞላል እንጂ ሰውነታቸው አይጠናም።

2ኛ፤ ስለ ፌንጣው ዐይነት

በዚህ ትምህርት ፌንጣ የተባለው፣ ቀን በሣር መካከል የሚዘለው አረንጓዴው አይደለም። ቀን በድንጋይ ሥርና በስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ውሎ፣ ማታ ጭርጭር እያለ የሚጮኸው ጠቆር ያለው ነው። ጩኸቱ ከአፉ አይወጣም፤ ወንዱ ሁለቱን የፊት ክንፎቹን እያፋተገ ሴቲቱን የሚጠራበት ድምፅ ነው። ሴቲቱ አትጮኽም፤ በጅራቷም ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ ረዘም ያለ ነገር አላት፤ በእርሱ እርጥብ አፈር እየወጋች እንቁላሏን ትቀብራለች።

በሌሎች አገሮች ለእንስሳት ቀለብ ይሆን ዘንድ በብዛት የሚረባው ዐይነት በሳይንስ ስሙ አኬታ ዶሜስቲከስ ይባላል። በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው ግን ግሪለስ ቢማኩላተስ የተባለው ነው፤ መልኩ ጥቁር ሆኖ በክንፎቹ ሥር ሁለት ብጫ ነጥቦች አሉት። ለማርባት የሚመረጠው ይኸው የአገሩ ነው፤ ቢያመልጥም ለአገሩ እንግዳ አይሆንም። ማታ ወደ መብራት ስለሚሳብ ሲሰበሰብ አያስቸግርም። ዐሥር ሴትና አምስት ወንድ ለመዠመሪያ ይበቃሉ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ከመቶ በላይ እንቁላል ትጥላለችና።

3ኛ፤ የትርፉ ልክ

በታይላንድ አገር በኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የነፍሳት ሊቃውንት በ1998 እ.ኤ.አ. የፌንጣን ርቢ ዘዴ ለገበሬዎች አስተማሩ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በዚያ አገር 20,000 ያህል የፌንጣ ርቢዎች እንደ ነበሩ ገልጿል። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች ፌንጣ ቆሻሻ እየበላ ያለ ወጪ ሥጋ የሚሆን መስሏቸው ነበር። ነገር ግን የታይላንድ ገበሬዎች ፌንጣቸውን የሚያሳድጉት በቆሻሻ አይደለም፤ ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ ገዝተው ነው፤ ከወጪያቸውም ዋናው ይኸው የመኖ ዋጋ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ላንዲና ፓሬላ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ጉዳዩን መርምረው ውጤቱን በ2015 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ፌንጣውን ለዶሮ በሚሰጠው የእህል መኖ ባሳደጉት ጊዜ፣ ከበላው ፕሮቲን ወደ ሰውነቱ የለወጠው 35 በመቶ ያህሉን ነው፤ ይህም ከሥጋ ዶሮ ብዙ የተለየ አይደለም። ከከተማ የተሰበሰበ የምግብ ውዳቂና አብዛኛው ጭድ የሆነ ቀለብ የተሰጣቸው ፌንጣዎች ግን ከመቶው ከ99 በላይ የሚሆኑት ለመሰብሰብ ሳይደርሱ ሞቱ። እንግዲህ ፌንጣ ከምንም ነገር ሥጋ እንደማይፈጥር ይህ ምርመራ በግልጽ ያስረዳል።

ሒሳቡንም እያንዳንዱ ሹም በራሱ ሊያሰላው ይችላል። አንድ የደረሰ ፌንጣ በመካከለኛ ግምት ግማሽ ግራም ቢመዝን፣ 100 ፌንጣ 50 ግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ውሃው 70 በመቶ ያህል ስለ ሆነ፣ ሲደርቅ 15 ግራም ይቀራል። ከደረቁም 65 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ስለ ሆነ፣ ከ100 ፌንጣ የሚገኘው ፕሮቲን 10 ግራም ያህል ነው። ከላይ የተጠቀሰችው እመቤት ለዐሥሩ ጫጩቶቿ በቀን ለእያንዳንዱ 5 ፌንጣ ብትሰጥ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ግራም ፕሮቲን ያገኛል። ጫጩቱ በቀን 15 ግራም የሚበላ ቢሆን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 3 ግራም ነውና፣ ፌንጣው የሞላለት ከስድስት አንዱን እጅ ነው። ለዚህም በወር 1,500 ፌንጣ ያስፈልጋል።

ከስድስት አንድ እጅ ለተጎዳ ጫጩት የሚናቅ አይደለም። የነፍሳት ፕሮቲን እንደ ሥጋ ያለ ስለ ሆነ እህል የሚጎድለውን ያሟላል። ግን የቀለብ ሁሉ ምትክ አይደለም። በመሆኑም የሚከተለው ፍርድ ይሰጣል። የኑግ ፋጉሎ ወይም የተቀመመ የዶሮ መኖ በርካሽ የሚገኝበት ሰው፣ ለፌንጣ ከሚያበላው በቀጥታ ለዶሮዋ ቢሰጥ ይሻለዋል፤ በፌንጣ በኩል ቢያዞረው ከፕሮቲኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በመንገድ ይጠፋልና። መኖ ውድ የሆነበት፣ ነገር ግን የአትክልት ቅጠል፣ የወጥ ቤት ሙቀትና የሚተጋ እጅ በቤቱ ያለው ሰው ግን በፌንጣ ርቢ ይጠቀማል። የከተማን ቆሻሻ ወደ ቀለብ ለመለወጥ የታሰበ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ለዚያ የሚስማማው ጥቁር ወታደር ዝንብ የተባለው ነፍሳት ትል ነው እንጂ ፌንጣ አይደለም።

4ኛ፤ ስለ ማርቢያው ዕቃ

ማርቢያው 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ውስጡ የለሰለሰ ሣጥን ይሁን። ፌንጣ በለሰለሰ ግድግዳ ላይ መውጣት አይችልም፤ በሻካራ እንጨት ላይ ግን በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ማርቢያው ከእንጨት የተሠራ እንደ ሆነ፣ በላይኛው ጠርዝ ዙሪያ በውስጥ በኩል አንድ ስንዝር የሚሆን ለስላሳ ፕላስቲክ ይለጠፍበታል። በውስጡም የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቁመቱን ይዞ ይደረደራል፤ ፌንጣዎቹ በጉድጓዱ ሁሉ ስለሚሸሸጉ አንዱ ሌላውን አይበላም። መሸሸጊያ ያነሰበትና የተጨናነቀ ፌንጣ ቆዳውን በሚጥልበት ሰዓት በወንድሙ ይበላል።

ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ይሁን። በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በተባይ መድኃኒት የተነከረ ነውና፣ ክዳን ቢደረግ በውስጡ ያለውን ፌንጣ ሁሉ ይፈጃል። እንደዚሁም በቤት ውስጥ ፍሊት ከተረጨ ሣጥኑ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ አለዚያ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

አንድ ሳፋ ለወላጆች፣ ሁለት ወይም ሦስት ለሚያድጉት ተለይተው ይቀመጡ። ሁሉን በአንድ ዕቃ ያኖረ ሰው፣ ትልልቁ ትንንሹን ሲበላ ይኖርበታል።

5ኛ፤ ስለ ቀለብና ስለ ውሃ

ዋናው ቀለብ ፉርሽካ ነው፤ በእርሱም ላይ በደንብ የተወቀጠ የኑግ ፋጉሎ በጥቂቱ ይጨመርበታል። ይህ ደረቅ ቀለብ በዝርግ ክዳን ላይ ሆኖ ሁልጊዜ አይለየው። ከዚህም ጋራ የጎመንና የካሮት ቅጠል፣ የዱባ ልጣጭ፣ ከግቢ የተነቀለ ለጋ አረም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል። በማግሥቱ የተረፈው ሁሉ መውጣት አለበት፤ ሻጋታ ከረኃብ ይልቅ ፌንጣን ይገድላልና።

በሐረር ገራባ የተባለው የጫት ቅጠልና እንጨት ተረፍ ለፍየል እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ለፌንጣ ግን አይሰጥ። በምሥራቅ ሐረርጌ ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ገበሬዎች ስላሉ፣ ለፍየሉ ምልክት ያልታየበት ቅጠል ፌንጣውን ይፈጀዋል። መድኃኒቱ የተሠራው እንደ ፌንጣ ያለውን ነፍስ ለማጥፋት መሆኑን ማሰብ ነው። ከገበያ የተገዛም ቅጠል ሁሉ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ አስቀድሞ ለጥቂት ፌንጣዎች ተሰጥቶ አንድ ቀን ቢታይ መልካም ነው።

ውሃ በግልጽ ዕቃ አይቀመጥም፤ ትንንሾቹ ሰጥመው ይሞታሉ። ነገር ግን ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ በውሃ ተነክሮ በዝርግ ክዳን ላይ ይኑር፤ እንዳይሸትም በየሁለት ቀኑ ይታጠብ።

6ኛ፤ እንቁላል ስለ ማስጣልና ስለ ማስፈልፈል

ወላጆቹ ክንፍ አውጥተው መጮኽ ሲዠምሩ፣ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሸዋ የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር አራት ጣት ያህል ተሞልቶ ይገባላቸዋል። አፈሩ ሲጨበጥ የሚጣበቅ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሳህኑ ወጥቶ ሌላ ይተካል። የወጣውም ሳህን እንዳይደርቅ በላዩ ተሸፍኖ በሞቀ ስፍራ ይቀመጣል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ያህል ሲሆን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል።

የተፈለፈለው ኩብኩባ ከጉንዳን አይበልጥም። ሳህኑ ወደ ማሳደጊያው ሳፋ ገብቶ እዚያው ይፈለፈል እንጂ ኩብኩባውን በእጅ መልቀም አይገባም። የመዠመሪያው ሳምንት ቀለቡ እንደ ዱቄት የላመ፣ ውሃውም በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይሁን። ኩብኩባው ቆዳውን ደጋግሞ እየጣለ ያድጋል፤ ሙቀቱ ከተሟላለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ክንፍ ያወጣል።

ለዶሮ ቀለብ የሚሆነው ክንፍ ከማውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይሰበሰብ። ይህም ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ሳይጠነክር በቀላሉ ይፈጫል። ሁለተኛ፣ ገና አይጮኽም። በጀጎል ውስጥ የአንዱ ቤት ግድግዳ የሌላው ቤት ግድግዳ ስለ ሆነ፣ በመቶ የሚቈጠር ወንድ ፌንጣ ሌሊቱን ሲጮኽ ቢያድር ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ለዘር የሚቀሩት ወንዶች ከአምስት ወይም ከስድስት ካልበለጡ ግን ድምፃቸው ከሜዳው ፌንጣ ድምፅ አይለይም።

7ኛ፤ ስለ ሙቀት

ፌንጣ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ አየሩ ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲበርድ ይደነዝዛል። የሚስማማው ሙቀት ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ቀመስ ከተማ ስትሆን የዓመቱ መካከለኛ ሙቀቷ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ከበታቿ ያለችው ድሬዳዋ ብዙ ሞቃት ስለ ሆነች፣ በዚያ ያለ ልዩ ድካም የሚሳካው ሥራ በሐረር በድካም የሚሳካ ነው። በሐረር ሣጥኑን በበረንዳ ትቶ የሄደ ሰው፣ በስድስት ሳምንት የሚጠብቀውን በብዙ ወራት እንኳ አያገኘውም፤ ብዙው ተስፋ የሚቈርጠውም በዚህ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑ እሳት ከሚነድበት ከወጥ ቤቱ ግድግዳ በስተጀርባ ይቀመጥ፤ ጭስ ግን አይንካው። ዙሪያው በጭድ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅለል፤ ለአየር መግቢያ ላይኛው ክፍት ይሁን። ብርድ በበረታበት ሌሊት ትኵስ ውሃ የሞላበትና አፉ የተከደነ እንስራ ከሣጥኑ አጠገብ ቢቀመጥ እስኪነጋ ይረዳል። የሙቀት መለኪያ መግዛት የቻለ ሰው ይግዛ፤ ያልቻለ እጁን በሣጥኑ ውስጥ ያስገባ። እጁን የበረደው እንደ ሆነ ፌንጣውንም በርዶታል።

8ኛ፤ ስለ ጠላቶቹና ስለ በሽታው

ከጠላቶቹ ሁሉ የከፋው ጉንዳን ነው። ሣጥኑ በአራት እግር ቆሞ፣ እያንዳንዱ እግር ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይሁን። እንሽላሊት፣ ሸረሪትና ድመት በወንፊቱ ይከለከላሉ።

በሽታውን በተመለከተ ከባሕር ማዶ የተገኘ ትምህርት አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት ፌንጣ በቤት ለሚቀመጡ እንሽላሊቶች፣ ወፎችና እንቁራሪቶች ቀለብ እየሆነ ይሸጣል። በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ዴንሶቫይረስ የተባለ በሽታ በሰሜን አሜሪካ ርቢዎች ገብቶ አኬታ ዶሜስቲከስ የተባለውን ዐይነት በብዛት ፈጀው፤ የከሰሩና ሥራቸውን የዘጉም ነበሩ። ርቢው እጅግ የተጨናነቀ ከመሆኑ የተነሣ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ፈጥኖ ተላለፈ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ሦስት ነው፤ ፌንጣን አለማጨናነቅ፣ ከሌላ ርቢ የመጣውን ለብቻ አስቀምጦ አንድ ወር ሳያዩ ከራስ ጋራ አለመቀላቀል፣ ከውጭ አገርም ዘር አለማስመጣት። ፌንጣ በብዛት ከሞተ ሳፋው ተጠርጎ በፈላ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ ካርቶኑም ይቃጠል።

ሣጥኑን የሚጠርገው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ የፌንጣው ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታልና። ኩሱ ግን አይጣል፤ ለጓሮ አትክልት መልካም ማዳበሪያ ነው።

9ኛ፤ ለዶሮ ስለ መስጠት

የተሰበሰበው ፌንጣ በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይውጣ፤ ይህም ከነፍሳት ወደ ዶሮ የሚተላለፈውን የሆድ ትል ይከላከላል። ከዚያ በኋላ እርጥቡን ወዲያው መስጠት፣ ወይም በፀሐይ አድርቆ ወቅጦ ከእህሉ ጋራ መቀላቀል ይቻላል። ሳይደርቅ ያደረ ግን ይሸታልና ይጣል። ለትንንሽ ጫጩት ተቈራርጦ ይሰጥ። ፌንጣ ለአጥንትና ለእንቁላል ቅርፊት የሚያስፈልገው ካልሲየም ያንሰዋልና፣ የታጠበና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት በአጠገቡ አይጥፋ።

ፌንጣው ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ ለሁሉም ከመበተን ይልቅ በመዠመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ላሉት ጫጩቶች ብቻ መስጠት ይሻላል። ትልቅ ዶሮ ብታጣው እንቁላሏ ይቀንሳል፤ ጫጩት ግን በዚያ ወራት የጎደለውን በኋላ አያገኘውም።

10ኛ፤ ከሜዳ ስለሚለቀመው አንበጣ

ፌንጣን በሣጥን ከማርባት አንበጣን ከሜዳ መሰብሰብ ይቀላል የሚል ሰው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ምሥራቅ ሐረርጌን፣ የድሬዳዋን አካባቢና የሶማሌን ምድር ባለበሰበት ጊዜ ሰማዩ ጨልሞ ታይቶ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የሚበላው ለ35,000 ሰው የሚበቃውን ያህል እንደ ሆነ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስረዳል። ያን ያህል ሥጋ መሬት ላይ ወድቆ ያየ ባለ ዶሮ ቢያፍሰው አያስገርምም።

ነገር ግን የወደቀው አንበጣ የወደቀው መርዝ ተረጭቶበት ነው። መርዙ በአውሮፕላንና በመኪና በሰፊው ስለሚረጭ፣ በሕይወት እየበረረ የመጣውም ቢሆን ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። እርሱን የበላች ዶሮ ትሞታለች፤ ባትሞትም መርዙ ወደ እንቁላሏ፣ ከእንቁላሏም ወደ ሕፃኑ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መንጋ በመጣ ጊዜ ሁሉ የወረዳ ሹማምንት አንበጣ ለቅሞ ለዶሮም ለሰውም መስጠት አደገኛ መሆኑን በገበያ ቀን በዐዋጅ ማሰማት አለባቸው። የሣጥን ፌንጣ ከሜዳው አንበጣ የሚበልጥበት ዋናው ነገር፣ የበላው ምን እንደ ሆነ ባለቤቱ ማወቁ ነው።

11ኛ፤ የሹማምንትና የባለ ግቢዎች ተግባር

ሀ) ይህ ሥራ በትእዛዝ በሁሉ ቤት አይዠመር። በአንድ ቀበሌ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቤቶች ተመርጠው ሁለት ትውልድ ፌንጣ እስኪያሳድጉ ድረስ ይታዩ።

ለ) በእነዚህ ቤቶች በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶች በሁለት ይከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ፌንጣ ይሰጥ፣ ለሁለተኛው አይሰጥ፤ ሌላው ቀለብ አንድ ይሁን። በየሳምንቱ እየተመዘኑ ክብደታቸው፣ የሞቱትም ቍጥር፣ ለፌንጣው የወጣውም ቀለብ በመዝገብ ይጻፍ። ትርፉ በሚዛን ካልታየ ሥራው ይቅር።

ሐ) ቤት የሚያከራዩ ባለ ግቢዎች፣ ተከራያቸው አንድ ሣጥንና ጥቂት ጫጩት ለማኖር ሲጠይቅ ንጽሕናውንና የጎረቤቱን ዕረፍት እንዲጠብቅ አስታውቀው ቢፈቅዱ መልካም ነው።

መ) ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በድሬዳዋ መንገድ የሚገኘው፣ ቀድሞ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ይባል የነበረው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዶሮ እርባታና የእንስሳት ሊቃውንት አሉት። የወረዳ የእርሻ ሠራተኞች ሥራውን ከመዠመራቸው በፊት ከእነርሱ ምክር ይጠይቁ።

ሠ) ያልተሳካውም ነገር እንደ ተሳካው ሁሉ ወደ በላይ ይጻፍ። ፌንጣው በብርድ ቢያልቅ አልቋል ተብሎ ይጻፍ። በአንዱ ወረዳ የተደበቀ ጥፋት በሌላው ወረዳ ተመልሶ ድሀውን ያከስራልና።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሲጠቃለል፣ የቤት ፌንጣ ድሀን በአንድ ጊዜ የሚያበለጽግ ሀብት አይደለም፤ ቆሻሻንም ወደ ሥጋ አይለውጥም። ጥሩ ቀለብ፣ ሙቀትና ትጋት ካገኘ ግን፣ በግንብ መካከል ለምታድግ ጫጩት ሜዳው ይሰጣት የነበረውን ጥቂት ነገር ይመልስላታል። ያች ጥቂት ነገር ጫጩቷን እስከ እንቁላል ካደረሰቻት፣ እንቁላሉም ለሻጩ ከመሄዱ በፊት ለቤቱ ሕፃን ከደረሰ፣ ሥራው ዋጋውን ከፍሏል። ሹሙም ለሕዝቡ ሲያስተምር ይህን ያህሉን ይናገር፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ አይስጥ።